ትንሽ ይጠንክርና

ቂርቆስ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ እናት፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? የሐዋሳው አየር ለጉልበትሽ እንደተስማማ ልጃችን ዮርዲ ከጅማ ስትደውል ነግራኛለች፤ ደስ ብሎኛል። እኔ ደህና ነኝ። አባትሽ ግን ደህና አይደሉም፤ ደህና እንዳይሆኑም ቤተሰቡ ተግቶ እየሠራ ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ በስልክ ስንነጋገር አንዳችን ሳንጨርስ ሌላችን ስለምንዘጋ ነው። ደብዳቤ አይዘጋም።

አባትሽ ጋሽ ደጉ የካዛንቺሱ ቤታቸው ሲፈርስ እኔ ዘንድ የመጡት ለሁለት ሳምንት ነበር፤ ይኸው ዓመት አለፋቸው። ይህን የምለው አማርሬ አይደለም። በትራስ ላይ ትራስ ደራርበው ይተኛሉ። ክኒናቸውን በሰዓቱ ይወስዳሉ፤ ጨው ትተዋል። እግራቸው ያበጠ እንደሆነ ጠዋት ጠዋት አያለሁ። የልብ ድካም እንዲህ ነው፤ ሰውየው ቁጭ ብሎ ሲያወራ የዳነ ይመስላል። የአንቺ ዘመዶች ደግሞ የሚያዩት ቁጭ ብሎ ሲያወራ ነው።

ያለፈውን ኅዳር ታስታውሻለሽ። «ኅዳር ሲታጠን» ብለው ሰፈርተኛው ሁሉ ቆሻሻውን በየበሩ አቀጣጠለ፤ ጎረቤቴ የተቀደደ የፕላስቲክ ምንጣፍ ጨመረበት። በዚያው ሰሞን የድሮ የካዛንቺስ ጎረቤቶች ከገላን ጉራ ድረስ በታክሲ ታጭቀው ሊጠይቋቸው መጡ። እትዬ ሸዋአየሁ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እየሳለች ጉንጫቸውን አገላብጣ ሳመቻቸው፤ «ምንም አይደል፣ ጉንፋን ነው» አለች። በሳምንቱ አባትሽ ትንፋሽ አጥሯቸው፣ ሳንባቸው ውሃ ሞልቶ ሆስፒታል ገቡ። ያኔ ኮሪደር ላይ ቆመን ያለቀስሽውን እኔ አልረሳሁም፤ አንቺ ግን የረሳሽው ይመስለኛል።

ከመቶ ዓመት በፊት ይህችን ከተማ የፈጀው የኅዳር በሽታ ኢንፍሉዌንዛ ነበር። የከተማው ሰው በሽታውን ረስቶ ጭሱን ያዘ። አሁን መከላከያው በመርፌ ሲመጣለት መርፌውን ይጠራጠራል። ፕላስቲክ አቃጥሎ የሚታጠን ሰው የመድኃኒት ጉዳት ያሳስበዋል።

ዶክተር መርሃዊት፣ ኦሎምፒያ አካባቢ የምትከታተላቸው የልብ ሐኪም፣ በዚህ መስከረም ቁርጡን ነገረችን። «ልብዎን በክኒን ደግፈን አቁመነዋል። ኢንፍሉዌንዛ ከያዘዎት ግን የዓመቱን ሥራ በአንድ ሳምንት ያፈርሰዋል። ክትባቱ ጨርሶ አይያዙም ማለት አይደለም፤ ከባዱን ይቀንስልዎታል። ኅዳር ሳይገባ ይከተቡ» አለቻቸው። አባትሽም «እሺ ልጄ» አሉ። እኔም ከለገሃር ጀምሬ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞርኩ። አንዱ ነጭ ጋውን የለበሰ ጎረምሳ «ለጉንፋን ክትባት? ጋሼ፣ ዝንጅብል በማር ይጠጡበት» ብሎ ጓደኛውን ጠቀሰው። ያስተማረው ዩኒቨርሲቲ ቢያፍርበት ምን ነበረበት። በመጨረሻ ወሎ ሰፈር፣ ውጭ አገር ለሚሄዱ መንገደኞች ክትባት የሚያስመጣ ክሊኒክ አገኘሁ።

በቀጠሮው ቀን አባትሽ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ግራጫ ኮታቸውን ለብሰው ተዘጋጁ። በዚያው ሰዓት ወንድምሽ ፍሬአብ እትዬ ሸዋአየሁን ከመኪናው አውርዶ ይዟት ገባ። ፍሬአብ ኮቱን ሲያይ ወዴት እንደሆነ ጠየቀ፤ ነገርኩት። ሳቀ። «ልቡ ደካማ ነው እያላችሁ ክትባት? ጤነኛውንም ይጥላል እኮ። አባባ፣ ትንሽ ጠንክርና ያኔ ትወጋለህ» አለ። እሷም ቀበል አድርጋ «እውነቱን ነው ጋሽ ደጉ፣ የደከመ ሰውነት መርፌ አይችልም፤ ትንሽ ይጠንክሩና» አለች። ማን እንደነገረው ጠየቅሁት። «በቃ፣ ሰው ሲያወራ» አለኝ። ለመኪናው ጎማ ሲገዛ ሦስት ጎሚስታ የሚያማክር ሰው፣ ለአባቱ ልብ «ሰው ሲያወራ» ይበቃዋል። ማስክ ካላደረጋችሁ አትጠጓቸው ስላቸው ደግሞ «ቤቱን ኬላ አደረግኸው፤ መታወቂያም አሳዩ በለና» አለኝ። አባትሽ ሳቁ። እየሳቁ ኮታቸውን አወለቁ።

እስቲ አንቺ አስቢው። የአባትሽ ልብ አይጠነክርም። ሐኪሟ የምትለፋው ጠንካራ እንዲሆን አይደለም፤ ካለበት እንዳይወርድ ነው። ክትባቱም የሚያስፈልጋቸው ደካማ ስለሆኑ ነው። «ይጠንክርና» ማለት የማይመጣ ቀን ቀጥሮ መቀመጥ ነው። ይህን ፍሬአብ ባይረዳው አልፈርድበትም፤ ከትምህርት ቤትም የወጣው ሳይረዳው ነው።

ግን አንቺ ነሽ የደወልሽው። በማግስቱ ክሊኒኩ ሌላ ቀን እንደሰጠን ስነግራቸው፣ ስልካቸውን ከትራሱ ሥር አውጥተው እንደ ማስረጃ አሳዩኝ። «ልጄም ትንሽ ጠንክር ብላኛለች» አሉ። አንቺ። ባዮሎጂ ያስተማርሽ ሴት። ተማሪ ይህን በፈተና ወረቀት ላይ ቢጽፍልሽ በቀይ እስክሪብቶ ከዳር እስከ ዳር ትሰርዢው ነበር። የገዛ አባትሽ ሲሆን ግን ለፍርሃት እጅ ሰጠሽ፤ ፍርሃቱ የእሳቸው ይሁን ያንቺ ሳታጣሪ።

አስረዳኋቸው። ቀስ ብዬ፣ ያለ ቁጣ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ወረቀት ላይ ልብ ስዬ አሳየኋቸው። ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ስጨርስ መነጽራቸውን አውልቀው «አንተ ልክ ነህ። ሁልጊዜም ልክ ነህ። ልጄም የሄደችው ለዚሁ ነው» አሉኝ።

የሻይ ብርጭቆውን አንስቼ ወጣሁ። እንዲህ ያለ ክርክር ፊት ሐኪምም ሳይንስም ምን ያደርጋሉ? ሰውየው ከእኔ ጋር ላለመስማማት ሲሉ ሊሞቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አላነሳሁም፤ እሳቸውም አላነሱም። ማታ ማታ አብረን ዜና እናያለን፣ ዜና አንባቢውን አብረን እንሰድባለን። በዚህ ብቻ እንስማማለን።

እንግዲህ የምልሽ ይህ ነው። ከእኔ አይቀበሉም። ከፍሬአብ የሚቀበሉት ፍሬአብ የሚነግራቸው መስማት የሚፈልጉትን ስለሆነ ነው። ካንቺ ግን የማይፈልጉትንም ይሰማሉ፤ አይቻለሁ። ያልሽውን ሻሪ። በስልክ አይደለም፤ በስልክ «እሺ» ብለው ይተኛሉ። አጠገባቸው ተቀምጠሽ፣ «ተሳስቼ ነበር፤ አሁኑኑ ተከተብ» በያቸው። ተሳስቼ ነበር ማለት ለአንቺ እንደ እኔ ከባድ አይደለም። እኔ እንደጻፍኩልሽ ግን አትንገሪያቸው። ክትባቱ ሥራ እስኪጀምር ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ ኅዳር ደግሞ በር ላይ ነው። የጥቅምትን መጨረሻ ካሳለፍሽ የምትመጪው ሊጠይቋቸው ለሚመጡት ወንበር ለመደርደር ይሆናል።

የሐዋሳው አውቶቡስ ከሰዓት በኋላ ይገባል። መናኸሪያ እጠብቅሻለሁ። ፍሬአብ ቤት ማረፍ ከፈለግሽ አደርስሻለሁ፤ እሱ ቤት ግን ሦስት ልጆች ይስላሉ። ሐኪሟ ከታማሚው ጋር አንድ ቤት የሚያድር ሰው ሁሉ ይከተብ ስላለች፣ ክሊኒኩ ሦስት እንዲያስቀምጥልኝ ጠይቄያለሁ። ልጅቷ ስም ስትመዘግብ አንዱን በአባትሽ፣ አንዱን በራሴ አስያዝኩ። «ሦስተኛው በማን ስም ይሁን?» አለችኝ። ክፍት ተይው አልኳት።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ጤናሽን አያጓድልብሽ። ሹራብ ያዢ፣ የአዲስ አበባ ጥቅምት እንደ ሐዋሳ አይደለም።

የልጅሽ አባት