ሸራ የለበሰው ዝገት

በላቸው፣

የማኪናችንን ፊት አጥበህ እንደ መስታወት አድርገኸዋል፤ ሸጋ።
በጎቹ ከኮሶዬ እስከ ጎንደር የሸኑበትን ካሶኒ ግን ከነእርጥብ ገለባው በሸራ ሸፍነህ ትተኸዋል። ምነው፣ ዝገቱ እንዳይበርደው ነው?

ዛሬ ወለሉን በጣቴ ብነካው ተበሳ። እንኳን ደስ ያለህ፤ መስኮት አወጣህለት።

ገለባውን ጥረግና ካሶኒውን በውሃ እጠበው። ፀሐይ ሳያደርቀው ሸራውን እንዳትመልስ። ከዚያ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገህ ፀረ ዝገት ቀባው፤ ጣሳው ከበሩ ጀርባ ነው።
ቀዳዳውን ስመለስ አብረን እናስበይደዋለን።

እናቴ ዘንድ ሄጃለሁ።

በጎቹ ለአባቴ ተዝካር እንደነበሩ አልረሳሁም። ሁሉም «አይዞህ» ብሎኝ ሲሄድ፣ በዚያ ዝናብ ወጥተህ በግ የጫንክልኝ አንተ ብቻ ነህ።

ሸራውን ግን ሳይደርቅ እንዳትመልስ።

መንበረ