ያጠበብኩት ቀሚስ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፤

እንደምን ከረምሽ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? እኛ ደህና ነን፤ እንዲያውም እንደ ዛሬ ደህና ሆነን አናውቅም።

ባለፈው፣ ልጅሽ ምን እየበላች ነው ብለሽ የጻፍሽውን ሳነብ ተናድጃለሁ፤ አልደብቅሽም። ወሬውን ማን እንዳቀበለሽም አውቃለሁ። ባሌ ነው፤ ሾፌር አይደል፣ በየመንገዱ ያገኘውን ምግብ ሲያግበሰብስ ውሎ እኔን ያማል።

በስፌት ቤታችን እሳት የነካው ምግብ መብላት ትተናል። ነገሩን ያመጣችው አንዲት ደንበኛችን ናት፤ በሌለችበት “ቀጭኗ እመቤት” እንላታለን። ቀሚስ ልሰፋላት ስለካት፣ የበሰለ ነገር ደም ያቆሽሻል አለችኝ። በእኛ ልጅነት ሰው ሲወፍር “አማረብሽ፣ ተመችቶሻል” ይባል አልነበር? ዛሬ እንዲያ ብትያት ደንበኛ ታጪያለሽ። ድሮ በር ላይ ቆማ ነበር የምታዘኝ። አሁን ምሳ ሰዓት አጠገቤ ተቀምጣ ጥሬ ካሮት አብረን እንቆረጥማለን። እንዴት ደስ እንደሚል ብታውቂ!

ቤትም ምድጃውን የክር መደርደሪያ አድርጌዋለሁ። ልጄ መጀመሪያ አስቸግራኝ ነበር፤ ከጎረቤት የወጥ ቤት ሽታ ሲመጣ ሄዳ መስኮታችን ሥር ትቆማለች። መስኮቱን ዘጋሁት። አሁን ተመስገን፣ አርፋለች። አትጮህም፣ አትሮጥም፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትተኛለች። አስተማሪዋ አስጠርታኝ፣ ክፍል ውስጥም ትተኛለች አለችኝ። ለቀጭኗ እመቤት ብነግራት ሳቀችብኝ፤ ቆሻሻው እየወጣላት ነው፣ በርቺ አለችኝ። እኔም መርፌ ውስጥ ክር ሳስገባ ዓይኔን ያጭበረብረኛል፤ ከእኔም እየወጣ ነው ማለት ነው።

አንዳንዴ ግን የልጄ ዝምታ ያስፈራኛል። ይህን ካንቺ በቀር ለማንም አልተናገርኩም።

ደግሞ ሳልነግርሽ! የዛሬ ሁለት ዓመት የላክሽላትን ቀሚስ፣ መቼም ጠቧታል ብዬ አስቀምጬው ነበር። ትናንት ባለብሳት ሰፋት። ግራና ቀኙን ገባ አድርጌ አጠበብኩላት፤ ስፌቱን ብታዪ ትኮሪብኛለሽ።

እባክሽ ስንቅ እንዳትልኪ። ልምጣ ካልሽ ግን አልከለክልሽም። ቶሎ ነይ።

ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ቤትሽን የሰላም ያድርግልሽ።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ

ልጄ እንደ ልማዷ እዚህ ግርጌ ላይ አበባ እንድትሥልልሽ እርሳስ ሰጥቻት ነበር። እርሳሱ ከበደኝ አለች። አበባውን እኔ ሥዬዋለሁ።