አሚን ያላልኩበት ምርቃት

እህቴ በዛች፣ ሰፈሩ እንዴት ነው? እኔ መካነ ሰላም ገብቼ የልጄን የፈርሂያን ትምህርት ቤት ትያትር አየሁ። መምህራቸው ታደለ፣ ተማሪዎቹ ክፍል ውስጥ የሚያነቡት የጥንት መጽሐፍ እንዲገባቸው ታሪኩን ወደ ዛሬ አምጥቶታል። በመጽሐፉ አባይ ማዶ የምትዳረው ልጅ፣ በትያትሩ ለሥራ ጅዳ ትሄዳለች። ልጅቷን ሆና የምትጫወተው ፈርሂያ ናት። የሟች እህቷን የሀጀራዬን ሻርፕ ለብሳ ወጣች።

የትያትሩ እናት መመረቅ ስትጀምር ሰዉ፣ ልክ በእኛው አገር በኩታበር እንደሚደረገው፣ የእውነት ዱዓ መስሎት «አሚን!» አለ። እኔ ተነስቼ «አሚን አትበሉ! ሀጀራንም ወደ ጅዳ በአሚን ሸኝቼ ነው በሳጥን የተቀበልኳት» አልኩ።

አንድ ሽማግሌ «ጨዋታ እኮ ነው፣ እቴ!» አሉኝ።

ታደለ ግን ወደ ተማሪዎቹ ዞሮ «በመጽሐፉ እናትየዋ ሳትመርቅ ለምን ዝም አለች?» ብሎ ጠየቀ።

«ከመረቀች ልጇ መሄዷ ነዋ!» አለች ፈርሂያ፣ እኔን እያየች።

ስንወጣ «እማ፣ ፓስፖርት አውጥቻለሁ፤ ሳትመርቂኝ ግን አልሄድም» አለችኝ። እስካሁን አልመረቅኳትም።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ባለቤትሽን አራጋውን ሰላም በይልኝ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ። ፈርሂያ መርቁኝ ብላ ብትመጣባችሁ፣ አደራ፣ እንዳትመርቋት።

እህትሽ ዘሀራ