ከአንድ እሑድ ወዲህ ያላረፉት ባለጋሪ፦ የአቶ ሽባባው ክንዴ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሽባባው ክንዴ ከአባታቸው ከአቶ ክንዴ ቢሻውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ካሳነሽ ደጉ በአገው ምድር፣ ጥርባ በተባለው አገር በ1918 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ሲደርስ ከደብሩ የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። አባታቸው ሰንበት አክባሪ ነበሩ። በቤታቸው ቅዳሜና እሑድ በሬ አይጠመድም፣ ፈረስ አይጫንም፣ እንጨት አይፈለጥም፤ ዝናብ መጣ ተብሎ እንኳ የታጨደ ገብስ አይነሣም ነበር። አቶ ሽባባው ከአባታቸው ቤት ይዘውት የወጡት ሀብት ይህ ነው።

በ1941 ዓ.ም. ወደ ዳንግላ መጥተው ጋሪ ገዙ፤ ከከተማው ራቅ ብሎ በዋናው መንገድ ዳር ቤት ሠሩ። ገበያተኛውን በአማርኛ፣ ፈረሳቸውን በአገውኛ ያናግሩ ነበር። ቅዳሜ ተሳፋሪ ሲጠራቸው፣ «እኔ እሺ ብል ፈረሱ እሺ አይልም» እያሉ ያሾፉ ነበር። በ1946 ዓ.ም. እኅቴን ወይዘሮ ውብአየሁ አስማረን በቁርባን አገቡ። ይህን የምጽፈው እኔ አዝመራው የሚስታቸው ታናሽ ወንድም ነኝ። ታሪካቸውን ጻፍ ስባል እጄ እሺ አላለኝም ነበር፤ ምክንያቱን አገር ያውቀዋል።

የካቲት 9 ቀን 1950 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ውብአየሁ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቅዳሜ ማታ ምጥ ይዟት አደረ። ሲነጋ አዋላጇ፣ «ይህስ ከእኔ አቅም በላይ ነው፤ ሐኪም ቤት አድርሷት» አለች። ጋሪው ደጅ ቆሟል፣ ፈረሱም መስክ ላይ ይግጣል። እናታችን እግራቸው ላይ ወድቀው ለመኗቸው። እሳቸው ግን፣ «እናቴ፣ በሰንበት ፈረስ ጠምጄ እግዜርን ካስቆጣሁ ማን ያተርፍልኛል? እኔው ራሴ እሸከማታለሁ» አሉ። ወንዱ ሁሉ ቅዳሴ ላይ ስለነበር ተሸካሚ እስኪሰበሰብ ረፈደ። ከዚያ የቃሬዛውን ፊት እሳቸው ይዘው ተነሡ። ትከሻቸው ተልጦ እስኪደማ ድረስ ለማንም አላቀበሉም። በጋሪ ቢሆን ቅዳሴው ሳይወጣ ይደረስ ነበር። ውብአየሁ ከተማው ሳይደረስ ከነጽንሷ መንገድ ላይ ሞተች።

በቀብሯ ዕለት የንስሐ አባታቸው መምሬ ዋጋዬ ነገሩን ሲሰሙ ደነገጡ። «ልጄ፣ ምነው ብትጠይቀኝ? ፈረሱን እኔው ራሴ እጠምድልህ ነበር። በሰንበት የተከለከለው የእኛ ስስት ነው፤ ምሕረት መቼ ተከለከለ?» አሏቸው። አቶ ሽባባውን የገደላቸው ያ ቃል ነው እላለሁ። ሚስታቸውን ለሕጉ የሰጡ መስሏቸው ነበር፤ ሕጉ ግን አልጠየቃቸውም።

ከዚያ ወዲህ ሰንበት በመጣ ቁጥር ሳይነጋ ፈረሱን ጠምደው ደጃቸው ላይ ይቀመጡ ጀመር። የታመመውን፣ ምጥ የያዛትን ሁሉ በነጻ አደረሱ። ከሞት የተረፉ ብዙ ናቸው፤ ልጃቸውን ክርስትና ሲያስነሡ ቢጠሯቸው ግን አይሄዱም ነበር። አብዛኛውን እሑድ ማንም አይመጣም። «ዝናብ ነው፤ ፍቱትና ይግቡ» ስንላቸው «ቢመጡስ?» ይላሉ። ለፈረሱ ሰኞን ዕረፍት ሰጡት፤ እሳቸው ሰኞም ድንጋይ ሲሸከሙ ይውላሉ። መምሬ ዋጋዬ ንስሐ ሰጥተው ቢፈቷቸውም አላመኑም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆመው ይመለሱ ነበር እንጂ ዳግመኛ አልቆረቡም። እኔም ሁለት ዓመት አኩርፌ ቆይቼ ይቅር ብያለሁ ልላቸው ብሄድ፣ «እሷ ሳትል አንተ ምን ቤት ነህ?» ብለው መለሱኝ። ተናድጄ ወጣሁ። አሁን ሳስበው እውነታቸውን ነው፤ ያ ደግሞ ይብስ ያናድደኛል።

እሑድ ሰኔ 11 ቀን 1959 ዓ.ም. ከጋሪያቸው አጠገብ ዝናብ ሲወርድባቸው ውለው በሳንባ ምች ወደቁ። በዚያው ጋሪ ሐኪም ቤት ልንወስዳቸው ስንል፣ «አይሆንም፤ ምጥ የያዛት ብትመጣ በምን ትሄዳለች?» ብለው ጎማውን ይዘው አልለቅም አሉ። ጣቶቻቸውን አላቅቄ ጫንኳቸው። ሐኪሙ የሚችለውን ሁሉ አደረገ። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ጋሪው ተመልሶ ደጃቸው ላይ ይቁም ከማለት በቀር ሌላ አልተናገሩም። ረቡዕ ሰኔ 14 ቀን በተወለዱ በ41 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

አረጋዊት እናታቸው ወይዘሮ ካሳነሽና ወንድማቸው ደጉ ክንዴ በኀዘን ቀርተዋል። ልጅ የላቸውም። ዛሬ ከውብአየሁ ጎን ይቀበራሉ። እዚያ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው ቢጠየቁ እንደማይፈቅዱ አውቃለሁ።

እኚህ ሰው ከካህንም ከዘመድም ይቅርታ አልቀበልም ብለው የሄዱ ናቸው። አምላክ ሆይ፣ አንተንም እንቢ ይሉሃል ብዬ እፈራለሁ። እንቢ ቢሉህም አሳርፋቸው።