ከልጅ ልጄ ክርስትና በፊት እንድቆፍር ስለታዘዝሁት ቦይ

ለተከበሩ ጓድ አምባቸው፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር
ባሕር ዳር፣ ሰኔ ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

ጓድ ሊቀመንበር፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለኮሚቴዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ስለ እኔ ጤና መጠየቅ አያስፈልግዎትም፤ ባለፈው ስብሰባ ደኅና መሆኔ በእጅ ብልጫ ተወስኗል። ይህን ደብዳቤ በቀበሌው ሱቅ በር ላይ የለጠፍሁት፣ ስኳር ለመግዛት የተሰለፈው ሕዝብ ሰልፉ እስኪንቀሳቀስ ድረስ የሚያነበው እንዳያጣ ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ ጎረቤቶቼ ላስረዳ። ካቻምና አንጀቴ ተጠማዞ ለሞት ሲያደርሰኝ፣ ሐኪሞች ከእምብርቴ በስተግራ ቀዳዳ ከፍተው ሰገራዬ በዚያ በኩል ወደ ከረጢት እንዲወጣ አደረጉ። በግንቦት ሙቀት ካፖርት የምለብሰው በርዶኝ አልነበረም። ዘንድሮ ቀዳዳው እየጠበበ ስላስቸገረኝ፣ በጥቂት ስፌት የሚያልቅ ማስፊያ ቀዶ ሕክምና አስፈለገኝ።

ጊዜውን ከባለቤቴ ከየሺመቤት ጋር መክረን መረጥን። ከሐይቁ ማዶ፣ ቁንዝላ የምታስተምረው ልጃችን እናትዓለም የመጀመሪያ ልጅዋን ወልዳለች። ወንድ ቢሆን ክርስትናው በአርባ ቀን ነበርና አልደርስም፤ ሴት በመሆንዋ ሰማንያ ቀን ተፈቀደልን። ዶክተር አምሐ በስድስት ሳምንት ጀልባ መሳፈር እንደምችል፣ ዕቃ ማንሣትና መቆፈር ግን እስከ መስከረም ክልክል መሆኑን ነገሩኝ። ፋሲካን ውዬ ሆስፒታል ገባሁ። ያላሰብሁት እሑድ እሑድ የቦይ ቁፋሮ ዘመቻ የሚያውጁትን እርስዎን ብቻ ነው። ስለዚህ ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ዶክተሩ ያዘዙኝ እንድተኛ አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት እንድራመድ ነው። በሐይቁ ዳር ስሄድ ዝይ እንኳ ትቀድመኛለች። እርስዎ ከመኪናዎ ሆነው አይተውኝ «መምህር ሲንሸራሸሩ አይቻለሁ፤ የሚንሸራሸር ሰው ይቆፍራል» ብለው ለስብሰባው ስለመሰከሩልኝ አመሰግናለሁ። በሐይቅ ዳር የሚሄድ ሁሉ የሚቆፍር ከሆነ፣ ዝይዎቹም በዘመቻው ይመዝገቡልኝ።

ሁለተኛ፦ መታመሜን እንዲያጣሩ የላኳቸው ሦስት የኮሚቴ አባላት የመጡት በእግር ጉዞዬ ሰዓት ነበርና አልጋዬን ባዶ አገኙት። ባለቤቴ «አልጋው ይኸውላችሁ፤ እሳቸው እስኪመጡ እሱን ጠይቁት» ማለትዋ ከልብ አሳዝኖኛል። አባላቱ ለእኔ የተሠራውን አጥሚት ጠጥተው ጨርሰው፣ በቤቱ ውስጥ በሽተኛ አለመኖሩን ሪፖርት አድርገዋል። አጥሚቱስ ለማን የተሠራ መሰላቸው?

ሦስተኛ፦ ቁፋሮው እስኪደርስ ቀላል ሥራ ይሁንለት ብለው መፈክር አሰሚ አድርገውኛል። የሚጮኸው ጉሮሮ ቢመስልም የሚገፋው ሆድ ነው። ይልቁንም ባለፈው ስብሰባ በኅሊና ጸሎቱ መካከል የተሰማውን ድምፅ ማን እንዳሰማው ኮሚቴው እየመረመረ ነው ስለተባለ፣ ድካሙን ላቅልልለት፤ እኔ ነኝ። በር የተከፈተለት ሆድ መድረኩን ሳያስፈቅድ ይናገራል።

አራተኛ፦ ዋናው ይህ ነው። ወደ ቁንዝላ መሄጃ ፈቃድ ስጠይቅ «ቦይ መቆፈር ያቃተው ሰው ሐይቅ አይሻገርም፤ ሐይቅ መሻገር የሚችል ደግሞ መጀመሪያ ቦይ ይቆፍር» ብለው መለሱልኝ። አመክንዮ ሳስተምር ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ፤ እንዲህ መውጫ የሌለው ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ብቆፍር ፈቃዱን አገኛለሁ፤ ነገር ግን ስፌቱ ተበጥሶ አንጀቴ አብሮ ስለሚወጣ፣ የምሄደው ወደ ሆስፒታል ይሆናል። ባልቆፍር እዚሁ እቀራለሁ። ጀልባው በሳምንት አንዴ፣ በዚያው በቁፋሮው ቀን በእሑድ ነው የሚነሣው፤ ሰማንያው ቀን የሚሞላውም ከመጪው እሑድ በኋላ ባለው ሐሙስ ነው። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ቀኑን በእጅ ብልጫ አታራዝምም።

ጓድ ሊቀመንበር፣ ከባለቤቴና ከሐኪሞቼ በቀር ማንም እንዳያውቅ በካፖርት ሸፍኜ የኖርሁትን ነገር ዛሬ በሱቅ በር ላይ የለጠፍሁት፣ የልጅ ልጄ ክርስትና ስትነሣ ከአጠገብዋ ለመቆም ነው። ከእንግዲህ የምደብቀው የለኝም። የሐኪሙን ወረቀት አስቀድሜ ሰጥቻለሁ። እሱ ካልበቃ፣ ዓርብ በሚደረገው ስብሰባ መድረክ ላይ ወጥቼ ሸሚዜን እገልጣለሁ፤ ኮሚቴውም ቀረብ ብሎ ይመርምር። ከፊት ረድፍ የሚቀመጡት ግን ምሳቸውን ቀለል ቢያደርጉ እመክራለሁ። ፈቃዱን ከዚያ በፊት ቢፈርሙልኝ ግን ሁላችንም ደስ ብሎን እንበላለን።

ትግልዎ እንዲቃና፣ ቦይዎም ያለ እኔ እስከ ሐይቁ እንዲደርስ እየተመኘሁ፣ ከአብዮታዊ ሰላምታና ገና ካልጠኑ ስፌቶቼ ጋር፣

አክባሪዎ
መምህር ሀብተ ሥላሴ አካሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የጀልባውን ቲኬት የሚቆርጡት አቶ ወልደ ዮሐንስ ለእሑዱ ጉዞ በእርስዎ ስም ሁለት ቦታ መያዙን ነግረውኛል። ልጄ ለሕፃንዋ የክርስትና እናት እንዲሆኑ የለመነቻቸው ባለቤትዎ ወይዘሮ አገርነሽ በመሆናቸው ኮርቻለሁ። እርስዎም እሑድ ከቦዩ ስለሚቀሩ፣ ለሚጠይቀኝ ጎረቤት ምን አመማቸው ልበል? ጓድ ሊቀመንበር ክርስትና ሊያስነሡ መሄዳቸውን ግን ለማንም ትንፍሽ አላልሁም፤ ለዚህም ነው እዚህ ታች በትንንሽ ፊደል የጻፍሁት።