ሊዝቦንን ከአባትሽ ጋር ሳያት

ለናፈቅሽኝ ልጄ ለግራሲንዳ፤ ሉክሰምበርግ ካለሽበት ሰላምታዬ በጤና ያግኝሽ። ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን።

ዕድሜ ልኬን ሊዝቦን ኖሬ ከተማዋን በደንብ ያየኋት ገና ዘንድሮ ነው። አባትሽ ፖስታ በሚያድልበት ዘመን ዳገቱን እንደ ፍየል ነበር የሚወጣው፤ እኔ ከኋላው ስከተል ከእግሬ ሥር ካለው ድንጋይ በቀር የማየው አልነበረም። አሁን ግን ከገበያ ስንመለስ በየመታጠፊያው ይቆምና፣ «ዴኦሊንዳ፣ እስኪ ወንዙን እዪው!» ይለኛል። እውነትም ቴጆ ከቀያዮቹ ጣሪያዎች በታች ሲያበራ ዓይን ያፈዛል።

ዓሣ ሻጯ ሉርደስ፣ «ጋሽ አንሴልሞ፣ በስተርጅና ቱሪስት ሆኑ እንዴ?» ብላ ስታሾፍበት፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ «ምን ላድርግ፣ ከተማዋ አማረችብኝ!» አላት። ዘንቢሉን የምይዘው እኔ ነኝ፤ እሱ እጁ ነጻ ካልሆነ ማየት አይመቸውም።

ትናንት የቤታችን ደረጃ ሥር ስንደርስ ቁጭ አለ። ከዚያ ወንዙም ጣሪያውም አይታይም፤ ፊት ለፊት ያለው ቀለሙ የተላጠ ግድግዳ ብቻ ነው። ብዙ ቆይቶ፣ «እንዴት ያለ ግድግዳ ነው!» አለኝ።

«በጣም ያምራል» አልኩትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። እስኪመሽ ድረስ አደነቅነው።

ለፋሲካ እመጣለሁ ብለሽ ነበር። ከቻልሽ ቀደም በይ፤ ከተማዋ የምታምረው አሁን ነው። አባትሽ ጉንጭሽን ስሞሻል።

እናትሽ ዴኦሊንዳ