ለድራማዋ ሟች የተነፋው ጥሩምባ

ጥፋተኛዋ ሀብትነሽ ናት፤ ሌላውን ሁሉ ከመጻፌ በፊት ይህን እወቂልኝ።

ውድ እህቴ እጸገነት፣ እንደምን ሰነበትሽ? የካርቱም ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ያ ወገብሽስ ተሻለው? ታዲዎስስ፣ ልጆቹስ፣ አማትሽስ ደህና ናቸው? እኔ ጉልበቴ አላስቀምጥ አላስነሳ ከማለቱ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ። በስልክ ልነግርሽ ስጀምር ስለሳቅሽብኝ ጻፍኩት። ዱሮ ደብዳቤዬን የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ሀብትነሽ ስለነበረች እሷን አምቼልሽ አላውቅም። ዕድሜ ለማታ ትምህርት፣ ዛሬ በገዛ እጄ አማኋት።

ፊልም እንደምወድ ታውቂያለሽ። ነፍሱን ይማረውና ወንድማችን ዘነበ ላንቻ ሰፈር ካለው ቪዲዮ ቤት እየወሰደ ያስለመደኝ ነው። የህንዱ ይሻለኝ ነበር፤ ሰውዬው ሲከፋው ዘፍኖ ይወጣለታል፣ ክፉውም በሦስት ሰዓት ውስጥ የእጁን ያገኛል። ካራቴው ውሸት ነው፤ ሃያ ሰው አንዱን ከብቦ ተራውን እየጠበቀ ይመታል። የእኛዎቹ ደግሞ ጎረምሳ ፀጉር ላይ ዱቄት ነስንሰው አባት ነው ይሉናል፤ ሶፋ ላይ ተቀምጠው አውርተው ያልቃል። ከሁሉ የከፋው ግን ይህ በአማርኛ የሚያወራው የቱርክ ድራማ ነው። መቶ ክፍል ሙሉ አንዲት ሴት በር ሥር ቆማ ታዳምጣለች። ሰሃን የሚያጥብ የለ፣ ሥራ የሚሄድ የለ፤ በሙዚቃ መተያየት ብቻ። እንዲህ እያልኩም አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሀብትነሽ ቤት ሄጄ አያለሁ፤ የእኔ ቴሌቪዥን ዲሽ የለውም።

ባለፈው ማክሰኞ ከኦሎምፒያ ስመለስ ዘገየሁ። ግቢያችን በር ላይ ስደርስ ከሀብትነሽ ቤት የሴቶች ዋይታ ሰማሁ። ሀብትነሽ ደም ግፊት አለባት። ሞተች ብዬ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ደረቴን እየደቃሁ የእድራችን ዳኛ አቶ ወልደአረጋይ ቤት ሮጥኩ። እሳቸውም ጥሩምባ ነፊውን ላኩ፤ ጥሩምባው ተነፋ፤ የድንኳኑ ብረት በሸክም መጣ። በሩን ስንከፍት ሀብትነሽ ሶፋዋ ላይ ናት። የሞተችው ለካ የድራማዋ ሴትዮ ናት፤ ያቺ ባሏ አእምሮውን ስቶ የረሳት፤ የገደላትም የአማቷ መርዝ ነው። አራት ሴቶች ለእሷ አልቅሰው ዓይናቸው አብጧል። ጥሩምባ ነፊው «ታዲያ ሟች ማን ልበል?» አለኝ። አቶ ወልደአረጋይ አቀረቀሩ። ሀብትነሽ «አንቺ ሴትዮ፣ በቁሜ ልትቀብሪኝ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች፤ ወዲያው «በሉ ዝም በሉ፣ አላለቀም» ብላ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረች።

ይሄ ብቻ ቢሆን አብሬያቸው እስቅ ነበር። አንቺ መርዶሽን እዚያው ካርቱም ሰማሽ፣ የዘነበን ለቅሶ አላየሽም። ሠላሳ ዓመት ጎረቤቱ የነበረችው ሀብትነሽ በሁለተኛው ቀን፣ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ «ወጥ ጥጄ ነው የመጣሁት» ብላ ከድንኳኑ ወጣች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏት። እኔ ከወንዶቹ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። እውነትም ወጥ መስሎኝ ነበር። ማክሰኞ ዕለት ግን ፈትያ፣ ያቺ ሱቅ ያላት፣ በሳቁ መሀል «ኧረ እኛ በዘነበ ለቅሶ እንኳ አንድ ክፍል አላመለጠንም» ብላ አወጣችው። ሀብትነሽ በክርኗ ጎሸመቻት። አየሁ። ለቱርኳ ያበጠ ዓይን ለወንድሜ ሲሆን ደረቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሀብትነሽን ስለዘጋኋት አቶ ወልደአረጋይ ላስታርቃችሁ ብለው ሁለቴ መጡ። «ሴት ልጅ ለድራማ ትጣላለች?» አሉኝ። ለድራማ አይደለም አልኳቸው፤ አልገባቸውም።

ታዲዎስን ሰላም በይልኝ። አማትሽን እጅ ንሺልኝ። የሊዲያን ጉንጭ፣ የሔኖክን ግንባር ሳሚልኝ። ለአንቺም ጤና ይስጥሽ።

ከእንግዲህ የሀብትነሽን ደጅ አልረግጥም። ከዚያ ቤት ጩኸት ብሰማም፣ እውነተኛ ለቅሶ ቢሆንም፣ ነጠላዬን አላዘቀዝቅም።

እህትሽ አየለች
ካዛንቺስ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 18 ቀን 2009 ዓ.ም.